በሄዘርሾ የተዘጋው መስኮት

ሩፐርት ኤንደርቢ የቅድመ አያቱን ቤት ሊያስፈርስ ከለንደን በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በቢጫው ክፍል ወለል ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኘ። ጦርነቱ ካበቃ አሥር ዓመት ሆኖታል። ወሩ ሰኔ ነው፤ ለወትሮው ፀሐይ የሚናፍቀው አገራችን ያን ሳምንት ደመና አላየም። ሬሳውን ያገኘችው የአጎቱ ልጅ ሚስ ኦድሪ ናት። አልጮኸችም። ሄዳ አገልጋይ የሚጠራበትን የደወል ገመድ ሳበች። ኤንደርቢዎች ምንም ነገር ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ያንን ነው።

እኔ የብራክንደን ልጅ ነኝ። በከተማችን ሄዘርሾን የማይወድ ሰው አልነበረም፤ የማይረግመውም አልነበረም። ጆሳያ ኤንደርቢ ከሱፍ ፋብሪካው ባገኘው ሀብት ባለ ሰባ ሁለት ክፍሉን ቤት ኮረብታው ላይ ሲያሠራ ስምንት ዓመት ፈጀ፤ ከመወጣጫው ወድቀው ሦስት ሰው ሞቱ። ድንጋዩ ከምድር ሲወጣ የማር ቀለም ነበረው፤ የራሱ የፋብሪካው ጭስ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሰል አስመሰለው። ማማውን ያቆመው ደግሞ ሠራተኞቹ በሰዓቱ መግባታቸውን ከመኝታ ቤቱ ሳይርቅ በመነጽር ለማየት ነው። የእጁን ይስጠው! ቤቱ ግን ያምር ነበር፤ ምን ይዋሻል።

ኢንስፔክተር ዊልፍሬድ ሰግደን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ጆሮው ትልልቅ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሲያነጋግርህ አንተን ትቶ የክፍሉን ማዕዘኖች ያያል። አባቱ አናጺ ነበር። ሰግደን ራሱ ፖሊስ ባይሆን ኖሮ ዛሬም መላጊያ ይዞ እናገኘው ነበር።

ቢጫው ክፍል ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ሁለት ረጃጅም መስኮቶች አሉት፤ አንዱ በሰሜን በኩል፣ አንዱ በደቡብ። የሰሜኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሐር ለብሷል። ጆሳያ ለሚስቱ ለሻርሎት ሲል አንድ የሐር መሸመኛ አስተክሎ ያሠራው ነው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም የእንቁላል አስኳል ይመስላል። ያን ቀን ግን ደረት ከፍታ ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ተቆርጣበት ልስኑ ይታያል። ቁራጯ በሟቹ እጅ ውስጥ ነበረች፤ ሰንጢውም አጠገቡ ወድቋል። ሟቹ የተዘረጋው በደቡቡ መስኮት ሥር ነው። የሰሜኑ መስኮት የእንጨት መዝጊያው ተዘግቷል፤ የደቡቡ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ገዳዩ ከውጭ እንዳይታይ መስኮቱን ዘግቷል፣ ጌታዬ» አለ ጡረታው የደረሰው ኮንስታብል ዊን።

«የትኛውን?»

«ይኸው፣ ይሄንን።»

«ሬሳው የትኛው ጋ ነው?»

ዊን አየ። ወደ ሌላኛው መስኮት በጣቱ አመለከተ።

ሁለቱም ወጥተው ከጽጌረዳው መደብ አጠገብ ቆሙ። በተከፈተው መስኮት የሟቹ ጫማ ሶል ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተዘጋው ቢከፈት ደግሞ የሚያሳየው ባዶ ግድግዳ ነው።

«እንግዲህ ይሄ ሰው» አለ ሰግደን፣ «ሬሳውን ለአላፊ አግዳሚ አሳይቶ ግድግዳ ደበቀ። እንዲህ ያለ ገዳይ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ እንጃ!»

ሲመለሱ ሰግደን የተዘጋውን መስኮት ጥግ ሲያስስ ረጅም ዘንግ አገኘ፤ የላይኛውን መዝጊያ የሚስቡበት ነው፣ ጫፉ ከባድ ነሐስ። በቦታው፣ በመንጠቆው ላይ ተሰቅሏል። አሸተተው፤ የመወልወያ ቅባት ይሸታል። በክፍሉ ካለው ነሐስ ሁሉ ያን ቀን የተወለወለው እሱ ብቻ ነበር።

በቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሰግደን በቤተ መጻሕፍቱ ሆኖ አንድ በአንድ አስጠራቸው። መጀመሪያ የመጣው ቤት አፍራሹ ስታን ቦተምሊ ነው፤ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም።

«እኔ ልግደለው? እኔ? ሰውየው እኮ እንጀራዬ ነው ጌታዬ! ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ እብነ በረዱን ሁሉ ሊሸጥልኝ ቃል ገብቷል። በሐምሌ ልጀምር ነበር። አሁን ማን ይፈርምልኛል?»

«ስንት ሰዓት መጣህ?»

«አራት ሰዓት። ቤቱ በደንብ እንዲታይ መዝጊያ ሁሉ ይከፈት ብሎ ትላንት አዞ ነበር። እውነትም ስመጣ አንድም የተዘጋ አላየሁም። ቢጫው ክፍል አስገባኝ። 'ሐሩን የምትፈልግ ሴትዮ ሊድስ ውስጥ አለች፣ ለትራስ ልብስ ትሠራዋለች፣ ናሙና ስጠኝ' አልኩት። 'አንተ ጣሪያውን እይ፣ እኔ እቆርጥልሃለሁ' አለኝ። አራት ከአሥር ላይ ጣሪያ ወጣሁ። ደወል እስኪደወል እዚያው ነበርኩ።»

ሁለተኛው ሚስተር ፐርሲቫል ክሌግ ነው፤ የቀድሞ አስተማሪ፣ የሄዘርሾን ታሪክ አሥራ አንድ ዓመት ሲጽፍ የኖረ። ስድስት መቶ ገጽ ደርሷል። ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ሟቹን ሊለምን ጠዋት መጥቶ፣ ወረፋውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይጠብቅ ነበር።

«የቤተ መጻሕፍቱ በር ተከፍቶ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ቦተምሊ ከወጣ ወዲህ ሚስ ኦድሪ እስክትገባ ድረስ በመተላለፊያው ማንም አላለፈም፤ እምላለሁ። ግን ይህ ምንም አያሳይም። ይምጡ ላሳይዎት።» የክፍሉን ግድግዳ ገፋ ሲያደርገው ጠባብ በር ተከፈተ፤ ከኋላው ጨለማ ደረጃ አለ። ሽማግሌው ፊቱ በራ። «በየክፍሉ አለ! የቤቱ ነዳፊ ሊቅነት እዚህ ላይ ነው። አርባ አገልጋይ ነበር፤ አንድም ኮቴ አይሰማም፣ አንድም ፊት አይታይም። እሳቱ ይነዳል፣ አልጋው ይነጠፋል፣ ማን እንዳደረገው አይታወቅም።»

«ይህን ደረጃ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አውቃለሁ። ሚስ ኦድሪ በልጅነቷ ተጫውታበታለች። ሚስስ ኦልድሮይድም፣ ያው፣ የቤቱ አስተዳዳሪ ናት።»

«ሚስስ ኦልድሮይድ በመጽሐፍዎ ውስጥ አለች?»

«በታሪኩ ውስጥ?» ክሌግ ግር አለው። «ምን ብዬ?»

«እሺ። የቢጫው ክፍል መዝጊያ እንዴት ነው የሚዘጋው?»

«ኦ፣ እሱማ ድንቅ ነው! የዋልነት እንጨት፣ አራት ክንፍ፣ በግድግዳው ውስጥ ታጥፎ የሚገባ...»

«እርስዎ ዘግተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ስመጣ ተዘግቶ አገኘዋለሁ።» አነጋገሩ መዝጊያው በራሱ ፈቃድ የሚዘጋ ያስመስል ነበር።

ሚስ ኦድሪ ከአትክልቱ ቦታ የጭቃ ጫማዋን እንዳደረገች ገባች። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ያጎቷን አሮጌ ኮት ለብሳለች።

«ገደልኩት ብልዎ ደስ ባለኝ» አለች ሳትቀመጥ። «ሦስት ቀን ሙሉ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ግን አልገደልኩትም። ጽጌረዳ ስቆርጥ ነበር፤ ያየኝ ሰው የለም።»

«አሁን ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። «መጀመሪያ ጠበቃዬን ያነጋግሩ፣ ከዚያ እንኳን ደስ አለዎት ይበሉኝ።»

ሚስስ ኦልድሮይድ ላይ ቤት ድረስ አልመጣችም፤ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ አላውቅም» ብላ ላከች። ስለዚህ ሰግደን ራሱ በጨለማው ደረጃ ወርዶ ከምድር በታች ካለው ወጥ ቤት አገኛት። አተር ትፈለፍላለች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ልብሷ ጥቁር፣ ቁልፎቿ ወገቧ ላይ።

«ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?»

«ባል ኖሮኝ አያውቅም ጌታዬ። የቤት አስተዳዳሪ ስትሆኚ ሚስስ ይሉሻል፣ ወጉ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ነው እዚህ የገባሁት።»

«ቤቱ ሲፈርስ የት ሊሄዱ ነበር?»

«እህቴ ብላክፑል ክፍል አላት።» አተሩን ፈለፈለች። «አንድ ክፍል።»

«ዛሬ ረፋድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። አተር ስፈለፍል።»

ሰግደን ጎድጓዳ ሳህኑን አየ። በአተር የተሸፈነው ሥሩ ብቻ ነው። 

«የሰሜኑን መስኮት ማን ዘጋው?»

«እንጃ። ጠዋት ሁሉንም ከፍቻለሁ፣ እንደታዘዝኩት።»

«ፀሐይ ሐሩ ላይ የምትደርሰው ስንት ሰዓት ነው?»

«በሰኔ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ትደርስና አምስት ተኩል ላይ ትለቃለች» አለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «በነሐሴ ትንሽ ቆየት ትላለች። በመስከረም ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከሁሉ የከፋች እሷ ናት።» ፊቷ ለስለስ አለ። «አርባ አንድ ዓመት ዘግቼዋለሁ። ያልዘጋሁት የእናቴ ቀብር ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ዘንቧል፣ ተመስገን።»

ሰግደን ቁልቁል የወረደበትን ደረጃ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰውየው እንዲህ ያለውን ነገር ከመጠርጠር ይልቅ የለየለት ወንበዴ ማሳደድ ይመርጣል።

በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አራቱንም ቢጫው ክፍል ሰበሰባቸው። ሁለቱም መስኮቶች ተከፍተዋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሦስቱ ተቀመጡ፤ ሚስስ ኦልድሮይድ እጆቿን አጣምራ በር አጠገብ ቆመች።

«ይቀመጡ እንጂ» አላት ሰግደን።

«እዚህ አልቀመጥም ጌታዬ። እቆማለሁ።»

«እሺ። ነገሩ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የማወራው፣ ትታገሱኛላችሁ። ሚስተር ቦተምሊ አራት ከአሥር ላይ ሲወጣ ሟቹ በሕይወት ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። አምስት ከሩብ ላይ ሟቹ ሞቷል፤ መስኮቱም ተዘግቷል። ሟቹ ክፍት ይሁን ያለውን ራሱ አይዘጋም። የዘጋው ገዳዩ ነው። ለምን? ራሱን ለመደበቅ አይደለም፤ ሬሳውን በሌላው መስኮት ለአትክልት ቦታው አሳይቶታል። ያ መስኮት የሚዘጋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀሐይ ይህን ሐር እንዳትበላው።»

የፀሐይዋ ብርሃን ወለሉ ላይ ነበር። ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶታል።

«ስለዚህ ገዳዩ ሐሩን ይወዳል» አለ ክሌግ ከንፈሩን እየነከሰ። «ያ እንግዲህ... እኔንም ይጨምራል።»

«ይጨምራል። ሚስተር ቦተምሊን ነው የማይጨምረው።»

«በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሃይምነቴ የጠቀመኝ» አለ ቦተምሊ።

«ሚስተር ክሌግ፣ እባክዎ መዝጊያውን ይዝጉልኝ።»

ክሌግ ተነሣ። ክንፎቹን ከግድግዳው ውስጥ ስቦ አወጣ፤ ሁለቱ ተደራርበው ተጣበቁ። የብረቱን መቀርቀሪያ ቢገፋ አልገባ አለው፤ ጣቱን ቆነጠጠው። «የተበላሸ ይመስለኛል» አለ እያፈረ።

«ሚስ ኤንደርቢ?»

ኦድሪ ሄዳ ከመስኮቱ ፊት ቆመች። አየችው። ከዚያ፣ ሳታስበው፣ ዓይኗ የደወሉን ገመድ ፈለገ። ራሷን ገታችና ፊቷ ቀላ። «አላውቅበትም» አለች። «እዚህ ነው ያደግሁት፤ ዘግቼው አላውቅም።»

«ተዉት፣ ክፍት ይሁን» አለና ሰግደን መዝጊያውን መልሶ ገፋው። ቁጭ ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ስለ ዘንጉ አወራ፤ ጫፉ ከባድ መሆኑን፣ ደም ነክቶት እንደነበር፣ ያጠበው ሰው ማጠቡ ብቻ ስላልበቃው እንደ ወልዋይ ወልውሎ በመንጠቆው ላይ መልሶ መስቀሉን። ስለ ድብቁ ደረጃ አወራ። ስለ አተሩ አወራ፤ ጠዋቱን ሙሉ የተፈለፈለ አተር የሳህን ሥር ብቻ እንደማይሸፍን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፀሐይዋ የወለሉን ጠርዝ አለፈች። የግድግዳውን ሥር እንጨት ነክታ ወደ ላይ ወጣች። የሐሩ የታችኛው ጠርዝ እንደ መብራት ቦግ አለ።

ሚስስ ኦልድሮይድ ጣቶቿን ስታፋትግ ቁልፎቿ ተንሿሹ።

«አባቴ አናጺ ነበር» አለ ሰግደን፣ አሁንም ወደ እሷ ሳያይ። «አንድ ጊዜ ስለ መዝጊያ ምን አለኝ መሰላችሁ...»

ምን እንዳለው ማንም አልሰማም። ሚስስ ኦልድሮይድ ክፍሉን አቋርጣ ሄደች። ዘንጉን አነሣች፣ የላይኛውን ሳበች፣ የታችኛውን በግራ እጇ ዘረጋች፣ መቀርቀሪያውን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ከፍ አደረገችው። ብረቱ ቀጭ ብሎ ገባ። ሐሩ ጨለመ። ሁሉ ነገር አሥር ሴኮንድ አልፈጀም።

ዘንጉን ይዛ ቆመች። ያደረገችውን ያወቀችው ያኔ ነው።

«አመሰግናለሁ፣ ሚስስ ኦልድሮይድ» አለ ሰግደን። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

«እዘጋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት» አለች። «እንዳልዘጋ ታዝዣለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ሰዓቱ ደረሰ፤ እግሬ ራሱ ወጣ። ዘንጉን አንሥቼ ዞር ስል ጌታው ግድግዳውን በሰንጢ እየቆረጡ ነው። 'ይብቃ!' አልኳቸው። በአርባ አንድ ዓመት ለኤንደርቢ ሰው ይብቃ ብዬ አላውቅም። ሳቁ። 'ሂልዳ፣ ላንቺም ለትራስሽ ልቁረጥልሽ?' አሉኝ። ቁራጯን በብርሃን ሊያዩ ወደዚያኛው መስኮት ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ዘንጉ እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፀሐይዋ ደረሰች።»

ክሌግ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሚስስ ኦልድሮይድ ወደ ሚስ ኦድሪ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች፦ «ቤቱ ግን የእርስዎ ሆነ አይደል ሚስ ኦድሪ? እርስዎ አያፈርሱትም።»

ኦድሪ ወደ እሷ ቀረበች።

«ሂልዳ፣ ምን አደረግሽ? አጎቴ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የእሱን የውርስ ግብር ለመክፈል ፋብሪካውም እርሻውም ተሸጠ። አሁን ሩፐርት ሞተ፤ ሌላ ግብር። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው። እሱ ቢኖር ነገም ተነገ ወዲያም እለምነው ነበር፤ ምናልባት ይሰለቸውና ይተወው ነበር። መንግሥትን ማን ይለምናል? ቤቱ ይሸጣል። የሚገዛው ደግሞ...» ወደ ቦተምሊ አየች።

ቦተምሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሚስስ ኦልድሮይድ ዘንጉን ወስዳ በመንጠቆው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ከኮንስታብል ዊን ጋር ወጣች፤ በዋናው በር። በዚያ በር ስትወጣ ያየናት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፍርድ ቤት አዘነላትና የመሰቀያው ገመድ ቀርቶላት ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። የክሌግ መጽሐፍ ታተመ፤ ስድስት መቶ ገጹ ውስጥ ስሟ የለም። ቤቱ በመጋቢት ፈረሰ። ከሁሉ በኋላ የቀረው የቢጫው ክፍል የሰሜን ግድግዳ ነበር፤ ሊድስ ያለችው ሴትዮ ሐሳቧን ቀየረች፣ ሐሩን የሚፈልግ ጠፋ። ጣሪያ የለ፣ መስኮት የለ፣ ዘጠኝ ቀን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ከከተማው ሆነን አየነው። በአሥረኛው ቀን ነጭ ነበር። እኔ ያን ያየሁ ጊዜ ለኤንደርቢዎች አላለቀስኩም፤ ለእሷ ግን አለቀስኩ።

ሰግደን በሚያዝያ እስር ቤት ሄዶ ጠየቃት። ከፍርድ ቤቱ ማስረጃ ተመላሽ የሆነችውን፣ መዳፍ የምታህለውን ቁራጭ ሐር በወረቀት ጠቅልሎ ይዞላት ነበር። ከዚያ ሐር በዓለም ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ጠረጴዛው ላይ ፈታላት። አሁንም የእንቁላል አስኳል ትመስላለች።

ሴትየዋ ብዙ አየቻት፤ አልነካቻትም። ከእስር ቤቱ ከፍ ካለችው ትንሽ መስኮት ብርሃን ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አርፎ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«አራት ከሩብ።»

ቁራጯን ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ታች ገለበጠችና መዳፏን ከላይ ጫነችባት። ሰግደን ሊሄድ ሲነሣም እጇን አላነሣችም።